የከዚራ በረንዳ፣ የመጋላ ግንብ

ድሬዳዋ ያደገ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር የጥላን ሰዓት ይማራል። ጠዋት የትኛው ግድግዳ ሥር እንደሚቆም፣ ከሰዓት በኋላ ወደ የትኛው ማዶ እንደሚሻገር ማንም አይነግረውም፤ እግሩ ያውቀዋል። የእኔም የአርክቴክትነት ትምህርት የተጀመረው እዚያው ነው።

በ1895 ዓ.ም ከጅቡቲ የመጣው ባቡር የሐረርን ተራራ መውጣት ወጪው ከብዶት ግርጌው ላይ ቀረ። በጣቢያው ዙሪያ ከዚራ ቀጥ ባሉ፣ ዛፍ በተተከለባቸው መንገዶች ተቀየሰ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ደግሞ መጋላ በጠባብ ቅያሶቹና በገበያው ደመቀ። እኔ የመጋላ ልጅ ነኝ፤ አክስቴ ግን ከዚራ፣ ከባቡር ሠራተኞች ቤቶች በአንዱ ትኖር ነበር።

ያ ቤት ዙሪያውን ሰፊ በረንዳ ስለነበረው ፀሐይ ግድግዳውን አትነካውም። ኮርኒሱ ከፍ ያለ ነው፤ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሐል ነፋስ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ። አክስቴ ማለዳ የእንጨት መስኮቶቹን አንድ በአንድ ትዘጋለች፤ ሲመሽ ሁሉንም ትከፍታለች። «ቀን ለምን አትከፍቺውም?» ስላት፣ «ወበቁን ጋብዤ ላስገባው እንዴ?» ትለኝ ነበር።

የእኛ ቤት ሌላ ዓይነት ነው፦ ወፍራም የድንጋይ ግንብ፣ በላዩ ነጭ ኖራ። ጎረቤታችን የነበሩትን ሽማግሌ ግንበኛ፣ በድሬ አንቱታ ብዙም አይታወቅምና፣ «አባባ፣ ግንቡን ለምን ይህን ያህል ታወፍረዋለህ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ድንጋዩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና፣ «ቀን ሙቀቱን ይጠጣል፣ ማታ ይተፋዋል» አሉኝ። እውነትም ማታ ቤቱ ስለሚግል አልጋና ምንጣፍ ወደ ግቢ ይወጣል፤ የምንተኛው ኮከብ እየቆጠርን ነው። ቤቱ ብቻውን አያበርድም፤ ሰውም እንደ ሰዓቱ ቦታ ይቀይራል።

አዲስ አበባ ሕንጻ ኮሌጅ ስገባ መምህሩ የፀሐይን መንገድ በሰሌዳ ላይ ሳሉልን። በእኛ ኬክሮስ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትወጣ ለሰሜንና ለደቡብ ግድግዳ መጠነኛ ክፈፍ ይበቃዋል፤ አስቸጋሪው ዝቅ ብሎ የሚገባው የምሥራቅና የምዕራብ ጨረር ነው። የአክስቴ በረንዳ በዙሪያው የተዘረጋበት ምክንያት ያኔ ገባኝ። የቡርኪና ፋሶው አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ በጋንዶ የሠራውን ትምህርት ቤት በፎቶ ሳይ ደግሞ ሩቅ አገር ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ፦ የሸክላ አፈር ግድግዳ፣ ከላዩ ከፍ ብሎ የተነሣ ቆርቆሮ፣ በመሐላቸው ነፋስ። ኬሬ በ2014 ዓ.ም የፕሪትዝከርን የሥነ ሕንጻ ሽልማት ሲያገኝ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር።

ድሬ ተመልሼ መጀመሪያ ካነጋገሩኝ ደንበኞች አንዱ ነጋዴ ነበር። «ፊቱን በሙሉ መስታወት አድርግልኝ፤ እንደ አዲስ አበባ» አለኝ። ቦታው ወደ ምዕራብ ያያል።

«ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የት ነው የምትቀመጠው?»

«ጓሮ፣ ዛፉ ሥር ነዋ! ሌላ የት ይቀመጣል?»

«እንግዲያው ከዛፉ እንጀምር።»

ዛፉን ሳንቆርጥ በዙሪያው ክፍት ግቢ አወጣን፤ በምዕራብ በኩል ጥልቅ በረንዳ፣ መስታወቱን ወደ ሰሜን። ለስሙ ያህል ግን ነጋዴው መንገድ ዳር አንዲት መስታወት አስቀረ፤ እኔም አልተከራከርኩም።

ዛሬ ፕላን ከመጀመሬ በፊት ደንበኛ የሚሞላው ወረቀት አለኝ፦ ጠዋት የት ትውላላችሁ? ቀትር ላይስ? ማታ የት ትተኛላችሁ? ክረምት ጎርፉ በየት ያልፋል? የመጨረሻውን የጨመርኩት ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ የሆነው ደቻቱ በ1998 ዓ.ም ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ከወሰደብን ወዲህ ነው። የሰዓቶቹን ጥያቄ ሲያዩ ብዙዎች ይስቃሉ። ሞልተው ሲጨርሱ ግን ለኤሲ ከያዙት ብር ላይ ቀንሰው፣ «በረንዳውን ትንሽ ሰፋ አድርገው» የሚሉኝ እነሱው ናቸው።