የነጌሌ ስም በባሕር ውስጥ

በመጀመሪያው ዓመት፣ በመኝታ ቤታችን ሁሉም የትውልድ አገሩን በየተራ ሲናገር፣ እኔ «ከሐዋሳ ወዲያ» እያልሁ አልፍ ነበር። ውሸት አልተናገርሁም፤ ነጌሌ ቦረናም ከሐዋሳ ወዲያ ናት። ነገር ግን እውነቱን ሙሉ ብናገር «ግመል ጠባቂ» እንዳልባል ፈርቼ ነበር። ነጌሌ በ1966 ዓ.ም. ወታደሮች በመጠጥ ውሃና በምግብ ምክንያት ያመፁባት ከተማ ናት። እኔም በልጅነቴ የማውቀው ውሃ አህያ በጀሪካን ተሸክማ የምታመጣውን ነበር። ባሕር ለእኛ የመጽሐፍ ቃል ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ባለፈው መንፈቀ ዓመት በቤተ መጻሕፍት ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተጻፈ መጽሐፍ ስገላልጥ፣ የከተማዬን ስም በሜዲትራንያን ባሕር ውጊያ መካከል ባገኘሁት ጊዜ ምን ያህል እንደ ደነገጥሁ ገምቱ። «ነጌሌ» የምትባል የኢጣልያ ሰርጓጅ መርከብ ኖራለች!

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1928 ዓ.ም. ግራዚያኒ ከዶሎ ተነሥቶ፣ የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር በአውሮፕላንና በብረት ለበስ መኪና እየመታ በገናሌ በኩል መጣና ጥር 11 ቀን ነጌሌ ገባ። ስለዚህም «የነጌሌ ማርኪስ» የሚል ማዕርግ ተሰጠው። ራስ ደስታ ግን የካቲት 1929 ዓ.ም. ተይዘው እስኪገደሉ ድረስ ተዋግተዋል። የኢጣልያ ባሕር ኃይልም በዚያው ዘመን ከሠራቸው 17 ሰርጓጅ መርከቦች አብዛኞቹን በእኛ ቦታዎች ስም ጠራቸው፤ አድዋ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ መቀሌ፣ ተምቤን፣ ሽሬ፣ አላጌ፣ አሸንጌ፣ ደጋሐቡር፣ ዋቢ ሸበሌ፣ ነጌሌ። አዳኝ ግዳይ ከጣለ በኋላ ምልክቱን በራሱ ላይ እንደሚያስር ማለት ነው።

ከነዚህ ከ17ቱ ጦርነቱን ያለፈችው አላጌ ብቻ ናት። ነጌሌን በኤጂያን ባሕር ግሬይሃውንድ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከነመርከበኞቿ አሰጠመቻት። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው እጄ ላይ የነበረው እርሳስ ቆመ፤ ጥር 11 ቀን 1933 ዓ.ም.! ከተማይቱ በተያዘች በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያው በጥምቀት ዕለት።

ማታውኑ ለእናቴ ደወልሁላት። «እግዚአብሔር ፈረደ!» ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ዝም አለች። ቆይታም «ስንት ሰው ነበረባት?» አለችኝ። ከ40 በላይ መሆናቸውን ነገርኋት። «እነሱም እናት ነበረቻቸው። ነፍስ ይማር በል እንጂ ልጄ» አለችኝ። በደስታዬ አፈርሁ።

ከዚያ በኋላ ግን አንድ ሌላ ነገር ያሳስበኝ ጀመር። መርከብ ቢሰጥም እንኳ ስሙን ለሌላ ማውረስ የባሕር ኃይሎች ልማድ ነው። ኢጣልያኖች በ1999 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረች «ሽሬ» የምትባል አዲስ ሰርጓጅ መርከብ አላቸው። ስሙ ግን የተወረሰው ከቀድሞይቱ «ሽሬ» ነው። እርሷም በታኅሣሥ 1934 ዓ.ም. በእስክንድርያ ወደብ ሁለት ታላላቅ የእንግሊዝ የጦር መርከቦችን የጎዱትን ጠላቂዎች ያደረሰችው ናት። ስለዚህ ዛሬ አንድ የኢጣልያ መርከበኛ «ሽሬ» ሲባል ትዝ የሚለው እስክንድርያ ይመስለኛል፤ በትግራይ ያለችው ሽሬ ከመካከል ወጥታለች።

በእኛ በኩል ደግሞ አሜሪካኖች «ኦርካ» ይሏት የነበረችው መርከብ በ1954 ዓ.ም. ተሰጥታን «ኢትዮጵያ» ተባለች። እርሷም በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሸች፤ በመጨረሻም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ስሟን ወደፊት የምትወርስ መርከብ ብትገኝ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከመርከብ በፊት ስሙን የሚሸከሙ ሰዎች አሉ፤ እኔ ራሴ የከተማዬን ስም ስደብቅ ከርሜ፣ ሌላው ለምን ወሰደው ብዬ ልቈጣ እንዴት ይቻለኛል?

ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ ተማሪ አገሬን ጠየቀኝ። «ነጌሌ ቦረና» አልሁት። «ወዴት ነው እሱ?» አለኝ። ተቀመጥ አልሁትና ከዶሎ ጀምሬ አጫወትሁት።