የገበጣው ቡድን

ትናንት ቤት ሳጸዳ የድሮ የውጤት መዝገቤን አገኘሁና አንድ ነገር ሲከነክነኝ አደረ።

ጌም ዲዛይን ሳስተምር ቡድን የማዋቅረው ሆን ብዬ አደባልቄ ነበር፤ ሁለት ከሶፍትዌር፣ አንድ ከሥነ ጥበብ፣ አንድ ከቴአትር። አንዱ ቡድን ገበጣን ስልክ ላይ ሊሠራ ተነሣ። ኮድ ጸሐፊዎቹ ጎበዞች ናቸው፤ በሚኒማክስ ኮምፒውተሩ የሚመጡትን እርምጃዎች ቀድሞ እያሰላ እንዲጫወት አደረጉት። ማን ይቻለው! ክፍሉ በሙሉ እየተሸነፈ ስልኩን መለሰ። ሁለተኛ የሞከረ የለም።

የቴአትሯ ልጅ ታዲያ «አያቴ እኮ እያወቀች ትሸነፍልኝ ነበር» አለች። ሳቁባት። (እኔም ፈገግ ብያለሁ፣ አልዋሽም።) እሷ ግን ወረቀት ላይ ጉድጓዶቹን ስላ፣ በባቄላ እያጫወተች፣ ሰው የቱ ጋ እንደሚሰለቸው ስትመዘግብ ሰነበተች። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ አልፎ አልፎ እንዲሳሳት፣ ከመጫወቱ በፊትም ትንሽ እንዲያመነታ አደረጉት። ያኔ ስልኩን ከተማሪዎቹ እጅ ማስጣል አቃተኝ።

እኔስ ምን አደረግኩ? ለኮድ ጸሐፊዎቹ ኤ፣ ለእሷ ሲ። የመመዘኛ ቅጼ ላይ 60 ከመቶው ለኮድ ነበር፤ ለባቄላ የሚሆን ሣጥን አልነበረውም። ቅሬታ ይዛ ቢሮዬ ስትመጣ «ኮድሽ የታል?» ነው ያልኳት።

ከዚያ ወዲህ ቅጹን ቀይሬዋለሁ፤ እያንዳንዱ ተማሪ የቡድን ጓደኛው ጌሙ ላይ ምን እንደለወጠ ይጽፍልኛል። ለእሷ ግን አልደረሰላትም። እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ ኢንቦክስ አድርጊልኝ፤ ይቅርታ የምጠይቅሽ በአካል ነው።