«በሞቴ!» የምትለው ማን ናት?

እስቲ እናንተው ፍረዱ! ሴት ልጅ እንግዳ ስታስተናግድ ካፏ የማይጠፋው ቃል ምንድነው? «በሞቴ!» አይደል? በሞቴ ብሉ፣ በሞቴ ጠጡ፣ በሞቴ ትንሽ ጨምሩ። እሷስ? እሷማ ሰው ሁሉ ጠግቦ ከተነሳ በኋላ የተረፈውን ቀማምሳ ትተኛለች።

እዚሁ ባሕር ዳር አንዲት ወዳጅ አለችኝ። ቀን ቢሮ ትውላለች፤ ማታ የባሏን ዘመዶች ታስተናግዳለች። የጎረቤት ለቅሶ፣ የማኅበር ጠላ፣ የዘመድ ሠርግ ሲመጣ ጓዳ የምትገኘው እሷ ናት። ራሷን ሲያዞራት «ድካም ነው» እያለች ሁለት ዓመት ገፋችው። አንድ ቅዳሜ ጣና ዳር ሻይ ጠጥተን ስንነሳ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ስትመረመር ደም ማነስ! አልጋ ላይ ሆና ምን አለችኝ መሰላችሁ? «አሁን ለእንግዶቹ ማን ቡና ያፈላላቸዋል? አማቴስ ምን ይሉኛል?»

ጉድ እኮ ነው! ይሉኝታ እንዲህ አድርጎ ነው የሚጥለን። የወር አበባ የምታይ ሴት ከወንድ የበለጠ አይረን ያስፈልጋታል። በየቤታችን ግን የዶሮው ፈረሰኛ ለአባወራው፣ መረቁ ለእሷ ነው። በዚያ ላይ ምግቡን በሻይና በቡና ስታወራርደው አይረኑ ወደ ደሟ በደንብ አይገባም። እንግዳ ጥዬ አልነሳም ብሎ ሽንት ይዞ መዋል፣ ውሃ አለመጠጣትም ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያጋልጣል።

ደግሞ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። በከተማችን እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተ የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል አለ። ፊስቱላ የሚመጣው ከተራዘመ ምጥ እንጂ ከይሉኝታ አይደለም። ነገር ግን «ሰው ምን ይለኛል» ብለው፣ ሽንታቸው እያመለጣቸው ዓመታት ተደብቀው የኖሩ ስንት እናቶች አሉ! ሕክምናው እያለ!

ታዲያ ምን ይሻላል? እህቴ፣ «ዛሬ አልችልም» ማለትን ተለማመጂ። መጀመሪያ ቀን አማትሽ ቅር ሊላቸው ይችላል፤ ቅሬታ ግን ያልፋል፣ የተጎዳ ጤና በቀላሉ አይመለስም። ሲያዞርሽ ከረመ? ነገ ዛሬ ሳትዪ ተመርመሪ።

እናንተም ወንድሞች፣ ወጡ ሲቀርብ ቀና ብላችሁ ጓዳውን እዩ። እሷ መጥታ ሳትቀመጥ እንጀራ አትቁረሱ። አንድ ቀን እንኳ እናንተ በሏት፦ «በሞቴ፣ አንቺም ብዪ!»