ከግድቡ በታች ያለው ሰው

የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ የምህንድስና ተማሪ ነው። እኔ የቋንቋ ተማሪ ነኝና ደብተሩ ላይ ያየሁትን ቃል ሁሉ ካልጠየቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሰሞኑን ያከራከረን «የአደጋ ደረጃ» የሚለው ነበር። በአሜሪካ አንድ ግድብ «ከፍተኛ አደጋ» ተብሎ ሲመዘገብ ሊፈርስ ደርሷል ማለት ነው ወይ? አልኩት።

«ኧረ በጭራሽ! ግድቡማ እንደ አለት የጠና ሊሆን ይችላል። ደረጃው የሚናገረው ቢፈርስ ከታች ማን እንደሚጎዳ ነው» አለኝ።

ደረጃዎቹ ሦስት ናቸው። ቢፈርስ ሰው ይሞታል ተብሎ የሚጠበቅ ከሆነ ከፍተኛ፤ ሕይወት ሳይጠፋ ብዙ ንብረት የሚወድም ከሆነ መካከለኛ፤ ጉዳቱ ከባለቤቱ ይዞታ እምብዛም የማያልፍ ከሆነ ዝቅተኛ። እንግዲህ አንድ ባለሀብት ዓሣ ለማጥመድና በጀልባ ለመንሸራሸር ብሎ በገዛ መሬቱ ላይ ውሃ ገደበ እንበል። ከታች ባዶ ሜዳ ነው፤ ደረጃው ዝቅተኛ ይሆናል። ቆይቶ ሜዳው ላይ ቤት ተሠራ፣ ልጆች ተወለዱ። ግድቡ ላይ አንዲት ድንጋይ አልተነካችም፤ ደረጃው ግን ከፍተኛ መሆን አለበት። መዝገቡን የሚያድስ ሰው ካለ ነው ታዲያ!

ነገሩ ከነከነኝና ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የሳውዝ ፎርክን ታሪክ አነበብሁ (ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ይህ የአፈር ግድብ በፔንሲልቬኒያ፣ ከጆንስታውን ከተማ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ነበር፤ ከፍታው 22 ሜትር ይሆናል። መንግሥት ለመጓጓዣ ቦይ ያሠራው ነው። ቦዩ ሲቀር ግድቡ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጦ በ1879 የፒትስበርግ ሀብታሞች የዓሣና የአደን ክበብ እጅ ገባ፤ እነ አንድሩ ካርኔጊ አባል ነበሩ። ከስር ውሃ የሚያስወጡት የብረት ቱቦዎች ከዚያ በፊት ተነቅለው ተሸጠዋል፤ ክበቡ አልተካቸውም። አናቱን ለሠረገላ ማለፊያ ብሎ ዝቅ አደረገው። የትርፍ ውሃው መውረጃ ላይ ደግሞ ዓሣው እንዳያመልጥ ወንፊት ዘረጋበት። ለዓሣው የታሰበውን ያህል ለሰው ቢታሰብ ኖሮ!

ማንም አልነገራቸውም እንዳይባል፣ የጆንስታውኑ የብረት ኩባንያ በ1880 ግድቡን አስመርምሮ ጉድለቱን በጽሑፍ አሳውቋቸዋል። መልሳቸው «ስጋት አይግባችሁ» የሚል ነበር። እኔን ያበሸቀኝ ይኼ ነው። አደጋ የለም የሚለው ምንጊዜም ከላይ፣ ከሐይቁ ዳር የተቀመጠው ነው፤ ቃሉን አምኖ የሚተኛው ግን የታቹ ሰው ነው።

ሜይ 31 ቀን 1889 ከከባድ ዝናብ በኋላ ውሃው በአናቱ ፈሶ ግድቡን ናደው። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጆንስታውን ደረሰ፤ ከ2,200 በላይ ሰው አለቀ። የተረፉት ፍርድ ቤት ቢሄዱም የእግዜር ሥራ ነው ተባለ፤ ክበቡ ካሣ ክፈል አልተባለም።

ያኔ የደረጃ መዝገብ አልነበረም ትሉኝ ይሆናል። በ2006 ግን ነበር። በሃዋይ፣ ካዋይ ደሴት ላይ፣ ጥንት ለሸንኮራ አገዳ መስኖ የተሠራና በኋላ በግለሰብ ይዞታ የነበረ የካ ሎኮ ግድብ ማርች 14 ቀን ማለዳ ተደረመሰ። 7 ሰዎች ሞቱ። መዝገቡ ላይ ተጽፎ የነበረው «ዝቅተኛ አደጋ» ነው።