በሬ ያለቀ ጊዜ

ቅድመ አያቴ፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት የአቃቂ መረሬ ላይ ጤፍ ያርሱ ነበር። ወረቀት የላቸውም፤ የገባር ልደት መቼም ማን ይጽፋል? አጎቴን ብጠይቃቸው «በሬ ያለቀ ጊዜ ሙሽራ ነበሩ» አሉኝ። ይኸው ዘመኑ ተገኘ፦ ክፉ ቀን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ (ስሙ «ደስታ» መባሉ!) በሬውን ፈጀው፤ አጼ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። የኛው ሰው ግን ተስፋ ቆርጠው ሞፈሩን ሊያነዱት ሲሉ፣ ሚስታቸው «በሬ ይመጣል» ብለው ነጠቋቸው አሉ። እንግዲህ እኛ ያለነው በኚያ ሴትዮ ነው። አጎቴ የአባቶችን ስም እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩልኝ።

«የሴትየዋስ?» አልኳቸው።

«እሱን እንጃ ልጄ፤ ሴት አይቆጠርም» አሉ።