ምላጭ ፍለጋ ዞሊንገን

ዞሊንገን፣ ጠዋት

ከጀርመኗ ኮሎኝ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ዛፉ ሁሉ ቢጫ ለብሷል፣ ካፊያውም አላባራም። ከጣቢያው ደጃፍ፣ ከላይ በተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሄድ አውቶቡስ ሰው ያሳፍራል። ከተማዋ ትልቅ አይደለችም፤ 160 ሺህ ያህል ሰው ይኖርባታል። ስሟን ግን መቀስና የጢም መላጫ በዓለም ዙሪያ አዳርሰውታል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ «የስለት ከተማ» የሚለው ቅጽል የሕጋዊ መጠሪያዋ አካል ሆኗል።

እኔ አዲስ አበባ የፊኒሺንግ ሥራ ነው የምሠራው። ጂፕሰም ቦርድ፣ ሞኬት፣ የፕላስቲክ ምንጣፍ፣ የግድግዳ ወረቀት፤ ሁሉም በካተር ይቆረጣል። ካተር ሲገዛ የማይመርጥ ሰው የለም። መያዣውን ጨብጦ ያየዋል፣ መግፊያውን ወደፊት ወደኋላ ይለዋል። መለዋወጫው ምላጭ ላይ ሲደርስ ግን «አንድ ፓኬት ስጠኝ» ብሎ ያልፋል። የሚቆርጠው ምላጩ ነው። ዳሩ የተፈረካከሰ ጂፕሰም፣ ክሩ የተመዘዘ ሞኬት፣ መሀሉ ላይ የተተረተረ የግድግዳ ወረቀት፣ የተሰነጠቀ ጣት፤ በሥራ ቦታ የማያቸው ጉዳቶች አብዛኞቹ ከመጥፎ ወይም ከደነዘ ምላጭ የመጡ ናቸው። የአክስቴ ልጅ ኮሎኝ ስለሚኖር እሱን ለመጠየቅ በመጣሁበት አጋጣሚ፣ ይህን ነገር ከምንጩ ላየው ፈለግሁ።

በዚህች ከተማ ስም መነገድ በሕግ የታጠረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው ሕግ በ1994 በአዲስ ድንጋጌ ተተክቷል፤ ፍሬ ነገሩ ግን ያው ነው። መቀስም ሆነ ቢላ ወይም ምላጭ የዞሊንገንን ስም እንዲይዝ ዋና ዋናዎቹ የሥራ ደረጃዎች በሙሉ በዚሁ አካባቢ መከናወን አለባቸው። ሌላ ቦታ ተሠርቶ እዚህ ስለታሸገ ብቻ ስሙ አይጻፍበትም። ለገዢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፓኬት ላይ ባንዲራ ማተም ወይም «የጀርመን ቴክኖሎጂ» ብሎ መጻፍ ማንንም አያስቸግርም። የት እንደተሠራ በግልጽ የማይናገር ፓኬት መርካቶም ይሁን ኮሎኝ፣ እኔ ወደ መደርደሪያው እመልሰዋለሁ።

ግሬፍራት

ዳገት ላይ ያለች የዞሊንገን የድሮ ሰፈር ናት። ቤቶቿ በጥቁር የድንጋይ ሰሌዳ ተለብጠዋል፣ የመስኮት መዝጊያዎቹ አረንጓዴ ናቸው። የስለት ሙዚየሙ ያለው የቀድሞ ገዳም ውስጥ ነው። ሰይፉ፣ ጎራዴው፣ የገበታ ቢላው፣ መላጫው በየፈርጁ ተደርድሯል። ያምራል፤ ለእኔ ጉዳይ ግን ብዙ አልቆየሁበትም።

ቩፐር ወንዝ ዳር፣ ባልክሃውዘር ኮተን

እዚህ ግን ቆየሁ። ሸለቆው ውስጥ፣ ወንዙን ተጠግቶ የቆመ የስለት መሳያ ቤት ነው፤ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። በዚህ ወንዝና በገባሮቹ ዳርቻ እንዲህ ያሉ ቤቶች በብዛት ነበሩ። ውኃው መንኮራኩሩን ያዞራል፣ መንኮራኩሩ ዘንጉን፣ ዘንጉ ደግሞ በቆዳ ጠፍር አማካይነት ትልቁን የመሳያ ድንጋይ። የከተማዋ ባለሙያዎች ቀጥቅጠው ቅርጽ ያስያዙት ብረት ስለት የሚወጣለት እዚህ ነበር።

አንድ አዛውንት እየሳሉ ያሳዩናል። ስለቱን በሁለት እጃቸው ጣቶች ይዘው ድንጋዩ ላይ ያሳርፉታል፤ ሰውነታቸው ከወገብ በላይ አብሮት ይሄዳል። ጆሮዬን ጣል አድርጌ ሰማሁ። ስለቱ ትንሽ ሲያጋድል ድምፁ ይሻክራል፣ ሲያቀኑት መልሶ ይለዝባል። በየመሀሉ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው ጠርዙን ያያሉ፣ መልሰው ያሳርፉታል። ድንጋዩ እንደረጠበ ነው። «ለምንድን ነው ውኃው?» ብዬ በአክስቴ ልጅ አፍ አስጠየቅሁ። ብረቱ እንዳይግል ነው አሉ። በእሳት ግሎ፣ ተነክሮ የጠነከረ ብረት ሲሳል ከልክ በላይ ከሞቀ፣ ያገኘው ጥንካሬ ከጠርዙ ይለቃል። ላይ ላዩን ሲያዩት የተባ ይመስላል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከቆረጠ በኋላ ግን ይተኛል።

ይህን ስሰማ አገር ቤት የማውቀው ነገር ምክንያቱን አገኘ። ከፓኬት ሲወጣ ፀጉር የሚላጭ፣ ግማሽ ጂፕሰም ሳያልቅ የሚተኛ ምላጭ አለ። እንዲህ ያለው ምላጭ ጠርዙ አካባቢ ሰማያዊ ወይም ቡናማ ጥላ ካለበት፣ ሲሳል ተቃጥሏል ማለት ነው።

ሥራው ሰው ይበላ ነበር። የድንጋዩ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ብዙ ሳዮችን በወጣትነታቸው ቀጥፏል፤ ድንጋዩ ራሱ በሽክርክሪት ላይ እያለ ፈንድቶ የገደላቸውም ነበሩ። ያለቀውን ዕቃ ወደ ከተማ የሚያደርሱት ደግሞ ሴቶች ነበሩ፤ ብረት የሞላበት ቅርጫት በራሳቸው ተሸክመው ይህን ሁሉ ዳገት ይወጡ ነበር። ከተማዋ ሐውልት አቁማላቸዋለች። እንጦጦን በጀርባቸው እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶቻችንን አስቤ፣ ሐውልቱ እንደሚገባቸው ተሰማኝ።

የመሣሪያ ሱቅ፣ ከሰዓት በኋላ

ግድግዳው ከታች እስከ ላይ ምላጭ ነው። ሻጩ ሽበት ያለው፣ ቸኩሎ የማያናግር ሰው ነው። የአክስቴ ልጅ «ጥሩ የካተር ምላጭ እንፈልጋለን» ሲለው፣ አንድም ፓኬት ሳያነሳ «ምን ልትቆርጡበት ነው?» አለ። በሙያ ዘመኔ ምላጭ ስገዛ ይህን የጠየቀኝ ባለሱቅ የለም። ጥያቄው ግን ከሁሉ የሚቀድም ነው፤ ለሁሉ ሥራ የሚሆን ጥሩ ምላጭ የሚባል ነገር የለምና።

በመጀመሪያ ያወጣልን ሁለት ጫፍ ያለውን፣ ሰዎች «የስታንሊ ምላጭ» የሚሉትን ነው። ርዝመቱ 60 ሚሊ ገደማ፣ ወርዱ 19 ሚሊ፤ በጀርባው ያሉት ቅርፎች መያዣው ውስጥ ካለው ጥርስ ጋር ይገጥማሉ። አንዱ ጫፍ ሲደንዝ ገልብጠው በሌላው ይሠራሉ። ከተለያየ ፓኬት ሁለት አወጣና የመስታወት ባንኮኒው ላይ አስተኛቸው። አንዱን በጣቱ ጫን ሲለው ጸጥ አለ፤ ሌላው ቀጭ ቀጭ አለ። ቀጭ የሚለው ጠማማ ነው። ጠማማ ምላጭ መያዣ ውስጥ ይወዛወዛል፣ የሚወዛወዝ ምላጭ ደግሞ ማስመሪያ አይከተልም።

ቀጥሎ መብራት አበራ። ጠርዙን ፊት ለፊት ወደ ዓይናችን አዙሮ አሳየን። በደንብ የተሳለ ጠርዝ ብርሃን አይመልስም፣ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። የሚያብለጨልጭ ነጥብ ካለ እዚያ ቦታ ላይ ወይ ደንዟል ወይ ተሸራርፏል። ሰፊው የተሳለው ጎን ጫፍ ላይ ሌላ በጣም ጠባብ መስመር አለ፤ ያች መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ወርዷ እኩል መሆን አለበት። እየሰፋችና እየጠበበች የምትሄድ ከሆነ ማሽኑ በትክክል አልሳለውም። ቅርፎቹንም በጥፍር ዳበስ አድርጉ አለን፤ ሻካራ ከሆኑ የመያዣውን ጥርስ ይበላሉ።

የዛሬው ምላጭ አሠራር ከወንዙ ዳር ቤት ጋር አይመሳሰልም። ረጅም የጥቅል ላሜራ በማሽን ቅርጹ ይቀረጽበታል፣ በምድጃ ውስጥ አልፎ ይነከራል፣ ዳግም ሞቆ ድርቀቱ ይቀነስለታል፣ ከዚያ ይሳላል፣ በመጨረሻም አንድ አንዱ ተሰብሮ ይለያል። ይህ ሁሉ ሳይቋረጥ በፍጥነት ስለሚሄድ፣ በጥሩና በመጥፎ ፋብሪካ መካከል ያለው ልዩነት የብረቱ ጥራት፣ የሙቀቱ ልክና የመሳያው ጥንቃቄ ነው። ሦስቱም ፓኬቱ ላይ አይታዩም። ለዚህ ነው ፓኬት ሙሉ ከመግዛት በፊት አንድ አውጥቶ ማየት ግድ የሚሆነው።

ስለ ብረቱ ረጅም ጊዜ አወራን። ተራው ምላጭ ከፍተኛ ካርቦን ያለው ብረት ነው፤ በጣም ይተባል፣ ዋጋውም ቀላል ነው፣ ግን ይዝጋል፣ ሲያጣምሙትም ይሰበራል። ሁለት ብረት ተጋጥሞበት የሚሠራው ሌላ ነው። ጀርባው እንደ ስፕሪንግ የሚተጣጠፍ ብረት፣ ጠርዙ ደግሞ የመብሻ ጫፍ የሚሠራበት ሃይስፒድ ብረት ሆኖ በብየዳ ይያያዛሉ። ሻጩ አንዱን በፒንሳ ይዞ ሲያጎብጠው እንደ ቀስት ጎበጠ እንጂ አልተሰበረም። ከተራው በእጅጉ ይወደዳል። ሞኬት በግድግዳ ጥግ እያጎበጠ ለሚቆርጥ ሰው ግን ዋጋውን ይመልሳል፤ ተሰብሮ ዓይን ውስጥ የሚገባ ስባሪ የለምና።

ወርቃማ ቀለም ያላቸውም ነበሩ። እውነተኛው ሽፋን ቲታኒየም ናይትራይድ ነው፤ እጅግ ስስ፣ እጅግ ጠንካራ። ጠርዙን ከቶሎ መበላት ይጠብቀዋል፤ ሥሩ ያለው ብረት መጥፎ ከሆነ ግን ሽፋኑ አያድነውም። ወርቃማ የሆነ ሁሉ ግን ያ ሽፋን አለው ማለት አይደለም። የሴራሚክ ምላጭ ፈጽሞ አይዝግም፣ ጎን ለጎን ሲገፋ ግን ይሸረፋል፤ ለእኛ ሥራ አይሆንም። የማይዝገው ብረት ለምግብ ቤትና ለእርጥብ ቦታ ጥሩ ነው፣ ስለቱ ግን እንደ ካርቦኑ አይቆይም።

ከሁሉ ያስደሰተኝ መንጠቆው ነው። ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ ስለቱ ከመታጠፊያው ሆድ ውስጥ ያለ ምላጭ። ሞኬቱን ወይም የፕላስቲክ ምንጣፉን ከሥር ይዞ ወደ ራስህ ትስበዋለህ፤ ወደ ታች የሚወጋ ጫፍ ስለሌለው ከሥር ያለውን ፓርኬ አይጭርም። እኛ ይህን ሥራ ቀጥ ባለ ምላጭ፣ ከሥር ካርቶን እያነጠፍን ነው የምንሠራው።

ኮሎኝ፣ ማታ

የአክስቴ ልጅ የሚሠራው የዕቃ ማከፋፈያ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ሙሉ ቀን ካርቶን ይከፍታል። ካተሩን አውጥቶ አሳየኝ። እጁን ከመግፊያው ላይ ሲያነሳ ምላጩ ራሱ ተመልሶ ይገባል፤ ጫፉም ክብ ነው። «ወንድም ጋሼ፣ ክቡ ጫፍ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ልብስ አይቀድም፣ እጅም አይወጋም» አለኝ። ምላጩ ቶሎ ይደንዝ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ አዎ አለኝ። ካርቶን ለስላሳ ስለሚመስል ምላጭ የማይጨርስ ይመስለን ነበር። ውስጡ ግን የማዕድን ዱቄት አለበት፣ ተመልሶ ከተሠራ ወረቀት ከሆነ ደግሞ አሸዋ መሰል ቆሻሻም አይጠፋውም፤ ምላጩን እንደ ጂፕሰም ይበላዋል። መጋዘኑ ውስጥ የደነዘ ምላጭ የሚጣልበት የተዘጋ ሣጥን በየጥጉ ተሰቅሏል። አዲስ ምላጭ ለመውሰድ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም። ይህን አሠራር እኔ ለልጆቼ፣ አብረውኝ ለሚሠሩት ማለቴ ነው፣ እጀምራለሁ። ሰው ምላጭ ለመቆጠብ ብሎ በደነዘው ሲገፋ ኃይል ይጨምራል፤ ኃይል ሲጨምር ያመልጠዋል፤ ሲያመልጠው ማስመሪያ የያዘችውን ግራ እጁን ያገኛታል።

አዲስ አበባ ላይ በብዛት የምንይዘው እየተሰበረ የሚታደሰውን ምላጭ ነው። እሱ የተወለደው እዚህ አይደለም፤ ኦሳካ፣ ጃፓን ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 አንድ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ፣ ዮሺዮ ኦካዳ፣ ጫማ ሠሪዎች የመስታወት ስባሪ ሲደንዝባቸው እንደገና ሰብረው በአዲሱ ጠርዝ ሲፍቁ የነበረውን አስታውሶ፣ የቸኮሌትን የመሰበሪያ መስመር ጨምሮበት ፈጠረው። ዛሬ ኦልፋ የሚባለው ድርጅት መነሻ ይኸው ነው። 9 ሚሊው ለወረቀትና ለስስ ነገር፣ 18 ሚሊው ለጂፕሰምና ለሞኬት፣ 25 ሚሊው ለወፍራም ነገር ነው። ውፍረታቸውም በዚያው ልክ ከ0.4 ሚሊ ገደማ ወደ 0.5፣ ከዚያም ወደ 0.7 ያድጋል። የዚህ ምላጭ ጥራት የሚታወቀው በመስመሩ ነው። በፒንሳ ሲሰብሩት በመስመሩ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። መሀል ላይ ጥርስ ትቶ የሚሰበር፣ ወይም ሲቆርጡ ሳይፈልጉት የሚለቅ ከሆነ ፓኬቱን በሙሉ መጣል ነው።

እርጥብ የግድግዳ ወረቀት ለሚቆርጥ ሰው 9 ሚሊው በቂ ነው፤ ግን በየወረቀቱ አንድ ክፍል መስበር አለበት። ሙጫ የጠጣ ወረቀት የደነዘ ስለት ሲነካው አይቆረጥም፣ ይቀደዳል። አንድ ክፍል ምላጭና አንድ ጥቅል ወረቀት በዋጋ ምንና ምን ናቸው? ይህን ስሌት ለደንበኞቼ ሳይሆን ለባለሙያዎቻችን ደጋግሜ መንገር ይገባኛል።

ሻንጣ

የገዛሁት፦ ለጂፕሰም ተራው የካርቦን ምላጭ፣ መቶ በሚይዝ ማሸጊያ፤ ጂፕሰም ማንኛውንም ምላጭ ስለሚበላ ውድ ምላጭ አይገባውም፣ ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው። ለሞኬት ጥግ ሁለት ብረት የተጋጠመበት። ለፕላስቲክ ምንጣፍ መንጠቆው። ወርቃማውን ተውሁት።

በእጅ ሻንጣ ምላጭም ካተርም አያስገቡም፤ ሁሉም ወደሚጫነው ሻንጣ ገባ። ፈታሽ እጁን ሲከት እንዳይቆረጥ እያንዳንዱን ማሸጊያ በወፍራም ካርቶን ጠቅልዬ በፕላስተር አሰርሁት። የካርቦኑ ምላጮች ላይ ስስ ዘይት አለ፤ እስከሚሠራባቸው ቀን አይጠረግም፣ የአዲስ አበባ ክረምት ሲገባ የሚጠብቃቸው እሱ ነው። ወረቀት ወይም ቆዳ ሊቆረጥ ሲል ግን በደረቅ ጨርቅ ከጀርባ ወደ ጠርዝ ይጠረጋል፤ ካልተጠረገ ዘይቱ ሥራው ላይ ነጠብጣብ ይተዋል።