በሐዘን ዓመት የሰማኋቸው ሦስት ሸክላዎች

በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ የማልተወው አንድ ልማድ አለኝ። በዓመቱ ውስጥ ከሰማኋቸው የሙዚቃ አልበሞች ልቤ የወደዳቸውን ሦስቱን መርጬ፥ ስማቸውንና የወደድሁበትን ምክንያት በአንድ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ደብተሩን የጀመርሁት በተማሪነቴ ዘመን ስለ ሆነ ዛሬ ገጾቹ ወይበዋል። አልበሞቹን «ሸክላ» እያልሁ መጻፌ ከአባቴ የወረስሁት አጠራር ነው እንጂ፥ በእጄ ከገቡት ውስጥ እውነተኛ ሸክላ የሆነ አንድ እንኳ የለም። ቀድሞ ካሴት ነበሩ፤ ኋላ ሲዲ ሆኑ፤ አሁን ደግሞ ከአውራ ጣት በማትበልጥ ፍላሽ ውስጥ ሆነው ይመጣሉ።

የ2016 ዓ. ም. ገጽ ግን እንደ ሌሎቹ በቀላሉ የተጻፈ አይደለም። በዚያ ዓመት በኅዳር ወር እናቴ ዳባት ላይ ዐረፈች። በአገራችን ልማድ ሐዘን በገባበት ቤት ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም፤ ጎረቤትም ቢሆን የሠርግ ዘፈን ሲኖርበት አስቀድሞ መጥቶ ይቅርታ ይጠይቃል። እንግዲህ ሙዚቃ ወዳድ የሆነ ሰው እናቱ በሞተችበት ዓመት ምን ይሰማል? መስማትስ ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ሲከተለኝ ቈየ፤ ሦስቱን ሸክላዎች ያስመረጠኝም እርሱ ነው።

እኔ የማስተምረው ደባርቅ ነው። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስሜን ተራራዎች ግርጌ ያለች የደጋ ከተማ ስትሆን፥ ከጎንደር ተነሥቶ የስሜንን ብሔራዊ ፓርክ ለማየት የሚሄድ መንገደኛ በርሷ ያልፋል። ዳባት በዚያው መንገድ ወደ ጎንደር መለስ ብላ ትገኛለች። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቊጥር፥ መንገዱ ክፍት ከሆነ፥ በሁለቱ ከተሞች መካከል እመላለስ ነበር። «መንገዱ ክፍት ከሆነ» ማለቴ፥ በክልላችን ግጭት ተነሥቶ ስለ ነበረ ነው። ከሐምሌ ወር 2015 ዓ. ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በመቋረጡ፥ በሌላ አገር ያለ ሰው አልበም በወጣበት ሰዓት ሲሰማ፥ እኛ ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር የሚመጣ ሰው በኪሱ ይዞልን እስኪደርስ እንጠብቅ ነበር። እንደ ድሮ ደብዳቤ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሸክላ በታኅሣሥ መጣ። አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ለቅሶ ሊደርሰኝ ከአዲስ አበባ ሲመጣ፥ ከጨበጠኝ በኋላ በእጄ ውስጥ ፍላሽ ትቶልኝ ሄደ። «አሁን አትስማው፤ ሲቀልልህ ትሰማዋለህ» አለኝ። በውስጧ የነበረው «ፓዮኒየር ወርክስ ስዊንግ» የተባለው የአቶ ኃይሉ መርጊያ አልበም ነው። አቶ ኃይሉ በዋልያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋችነታቸው የታወቁ፥ በ1981 እ. ኤ. አ. ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግረው በዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። በዋሽንግተን ከተማ ብዙ ዓመት ታክሲ ነድተዋል፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስም በመኪናቸው ውስጥ ኪቦርዳቸውን አውጥተው ይለማመዱ እንደ ነበረ ይታወቃል። በ1985 እ. ኤ. አ. የሠሩት ካሴት በ2013 እ. ኤ. አ. እንደ ገና ታትሞ በወጣ ጊዜ፥ ዓለም ረስቷቸው የነበሩት የታክሲ ነጂ ወደ መድረክ ተመለሱ። ይህ አልበም በኒው ዮርክ፥ በብሩክሊን፥ ከአንድ የባስ ጊታርና ከአንድ የድራም ተጫዋች ጋር ሆነው በሕዝብ ፊት የተጫወቱት ነው።

የጓደኛዬን ምክር አልጠበቅሁም። አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከደባርቅ ወደ ዳባት ስሄድ በአውቶቡስ ውስጥ ማዳመጫውን በጆሮዬ አድርጌ ከፈትሁት። የሚያስደስት ሙዚቃ ነው፤ ብዙ ዘመን ሥራ የፈታ እጅ እንደ ገና ሥራውን ሲያገኝ የሚያሰማው ዐይነት ደስታ አለበት። ትንሽ እንደ ሄድን ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ወደ እግሬ ስትመለከት አየሁ። እኔም ተመለከትሁ፤ እግሬ ምቱን እየተከተለ ወለሉን ይመታ ነበር። ሴትዮዋ ከእግሬ ዐይኗን አንሥታ የለበስሁትን ጥቁር ልብስ አየች፤ ከዚያም ወደ መስኮቱ ዞረች። ምንም አልተናገረችኝም። ማዳመጫውን ነቅዬ ኪሴ ከተትሁ። እግሬ እናቴን የረሳ መሰለኝ። ያን ሸክላ ከዚያ ቀን በኋላ ለብዙ ወራት አልነካሁትም።

በእነዚያ ወራት ስለ ልማዳችን ደጋግሜ አሰብሁ። ሐዘን ከዜማ የተጣላ ነው እንዳንል የቀብሩ ዕለት የሰማሁት ሌላ ነው። እናቴ በተቀበረች ቀን አክስቴ ከአልቃሾቹ መካከል ቆማ ሙሾ ስታወርድ፥ አንዱን ሐረግ ጨርሳ ሌላውን እስክትጀምር ድረስ ለቀስተኛው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃት ነበር። የሙሾው ዜማ በማሲንቆ የምንሰማው የትዝታ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ስልቱንና ቅኝቱን የሚያውቅ ጆሮ ዝምድናቸውን አይስተውም። እንግዲህ ልማዱ የሚከለክለን ሟቹን የሚያስረሳውን ዜማ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ይህን በሐሳብ ማግኘትና በሐዘንተኛ ቤት ውስጥ ሙዚቃ ለመክፈት መድፈር የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሁለተኛው ሸክላ ለፋሲካ መጣ። ለበዓል ወደ ቤተ ሰቡ የተመለሰ ተማሪ ያመጣልኝ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ «ሱቬኒርስ» የተባለው አልበም ነበር፤ ትርጓሜው «ማስታወሻዎች» ማለት ነው። እማሆይ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ. ም. በኢየሩሳሌም ሲያርፉ ዕድሜያቸው 99 ዓመት ስለ ነበረ፥ አልበሙ በየካቲት 2016 ዓ. ም. የወጣው ካረፉ በኋላ ነው። ለእኛ አገር ሰው እማሆይ ባዕድ አይደሉም። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የጎንደር ከንቲባ የነበሩ ናቸው። እርሳቸው ራሳቸው በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ሙዚቃ ተማሩ፤ በጣልያን ወረራ ጊዜ ከቤተ ሰባቸው ጋር ተግዘው በአዚናራ ደሴት ታሰሩ፤ ከነጻነት በኋላ በካይሮ ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ ኋላም ዓለሙን ትተው በግሸን ማርያም መነኰሱ። በዚያም ዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። በ1960ዎቹ እ. ኤ. አ. ደግሞ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለመማር ወደ ጎንደር መጡ።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ፒያኖአቸውን ነው። በዚህኛው ሸክላ ውስጥ ግን እማሆይ በፒያኖ እየታጀቡ በአማርኛ ያዜማሉ። የተቀረጸው በደርግ ዘመን፥ በአዲስ አበባ በቤተ ሰባቸው ቤት፥ በተራ የካሴት መቅረጫ ስለ ሆነ ከመስኮቱ ውጭ የሚንጫጩት ወፎች ሁሉ ይሰማሉ። ዜማዎቹ ስለ አገር፥ ስለ ሰማይና ደመና፥ ተለይተው ስለ ሄዱ ሰዎች ናቸው።

በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ማታ በእናቴ ቤት ጥግ ይዤ በማዳመጫ ስሰማ አክስቴ አየችኝ።

«አንተ ልጅ፥ ምን እየሰማህ ነው? ፊትህ ልክ አይደለም» አለችኝ።

«የአንዲት መነኵሲት ድምፅ ነው፥ እትዬ።»

«መዝሙር ነው?»

«መዝሙርም አይደለም፤ ዘፈንም አይደለም።»

«እንግዲያ ምንድን ነው? እስቲ አሰማኝ።»

ስልኩን በርጩማ ላይ አድርጌ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ከፈትሁት። አክስቴ መጀመሪያ ወፎቹን ሰምታ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ መሽቶ ስለ ነበረ ግን ከውጭ አለመሆናቸው ገባት። ሁለተኛው ዜማ ሲጀምር ነጠላዋን ወደ ዐይኗ አስጠጋች። ሲያልቅ እንዲህ አለች፦ «እኒህ እማሆይ አገርም ሰውም የቀበሩ ናቸው። ሙሾውን ቀስ አድርገው ነው የሚያወርዱት። ድገምልኝ።»

ደገምሁላት። በዚያች ማታ፥ ከዐርባው ተዝካር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፥ አክስቴ ስለ እናቴ መናገር ጀመረች። እስከዚያ ድረስ ስሟን ስናነሣ ታለቅስ ነበር እንጂ አታወራም ነበር። እናቴ ልጅ ሳለች «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በየደጁ ለሚመጡ የቆሎ ተማሪዎች ከመሶቡ ቀድማ እየቈረሰች ትደብቅ እንደ ነበረ፥ በዚህም ከአያቴ ቊጣ እንደ ደረሰባት፥ አንዱ ተማሪ ውሻ በነከሰው ጊዜ ቁስሉን እንዳጠበችለት ነገረችኝ። እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር።

በዚህ ጊዜ ስለ እማሆይ የማውቀውን ነገርኋት። በጎንደር ሳሉ የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎች ለምነው ሲያድሩ፥ በደጀ ሰላሙ ዙሪያም በብርድ ሲተኙ አይተው ልባቸው ስለ ተነካ፥ ሙዚቃቸውን በጀርመን አገር አስቀርጸው ከሸክላው የሚገኘውን ገንዘብ ለእንደነዚህ ላሉት ችግረኞች ርዳታ እንዳዋሉት አጫወትኋት። አክስቴ ጥቂት ዝም ብላ፥ «እንግዲያማ ከእናትህ ጋር ይተዋወቃሉ» አለች።

ከዚያ ማታ በኋላ ወደ ዳባት በሄድሁ ቊጥር «የእማሆይን አምጣ» ትለኝ ነበር። ለቅሶ ለመድረስ የሚመጡ ዘመዶችም ሰምተውት፥ የተቈጣ አንድም ሰው አልነበረም። አንድ የደብር መሪጌታ ብቻ ጆሯቸውን ሰጥተው ከቈዩ በኋላ «አራራይ ይሸተኛል» አሉ። ከሦስቱ የያሬድ ዜማዎች ሊቃውንቱ ለልመናና ለሐዘን የሚስማማ ይሆናል የሚሉት አራራይን ነው። ቅዱስ ያሬድም በትውፊት እንደሚነገረው በዕድሜው ፍጻሜ ከአክሱም ወጥቶ የተሠወረው እዚሁ በስሜን ተራራዎች ውስጥ ነውና፥ የመሪጌታው ቃል ከቦታው ጋር ተስማምቶ ታየኝ።

ሦስተኛው ሸክላ ዶክተር ሙላቱ አስታጥቄ፥ ሁድና ከተባለ የቴል አቪቭ ኦርኬስትራ ጋር ሆነው በ2024 እ. ኤ. አ. ያወጡት «ቴንሽን» ነው፤ «ውጥረት» እንደ ማለት ነው። ይህን የሰማሁት በትምህርት ቤት ከተማሪዎቼ ጋር ነው። ዶክተር ሙላቱ በወጣትነታቸው በእንግሊዝና በአሜሪካ ተምረው፥ ትዝታን፥ ባቲን፥ አምባሰልንና አንቺሆዬን ከጃዝ ጋር እንዴት ማዋሐድ እንደሚቻል ያሳዩ ሰው ስለ ሆኑ፥ ስለ አራቱ ቅኝቶች ለማስረዳት ይጠቅመኛል ብዬ ነበር። ልጆቹ ግን ወዲያው ክርክር ገጠሙ። «መምህር፥ የሚጫወቱት ፈረንጆች ከሆኑ እንዴት የእኛ ይሆናል?» አለ አንዱ። ሌላዋ፥ «ስንዴ በፈረንጅ ወፍጮ ቢፈጭ ዱቄቱ የማን ነው?» ብላ መለሰችለት። ክፍሉ በሣቅ ሞላ።

በኋለኛው ወንበር ግን ጥቁር ልብስ ከላዩ የማይለይ አንድ ልጅ ነበር። በ2013 ዓ. ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት አቅራቢያ በደረሰ ጊዜ፥ በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸው የታወቀ ነው፤ ይህ ልጅም የቅርብ ዘመዶቹን ያጣው በዚያን ጊዜ ነው። በመዝሙር ሰዓት አፉን ከፍቶ አያውቅም፤ እኔም አላስገድደውም ነበር። ያን ቀን ክርክሩ ሲረግብ ሙዚቃውን እንደ ገና ስከፍተው፥ ልጁ በሁለት ጣቱ ዴስኩን ሲመታ ሰማሁ። ምቱን አልሳተም። ቃል የሌለው ሙዚቃ ስለ ሆነ፥ ምን እንዲያስብ፥ በምን እንዲደሰት ወይም በምን እንዲያዝን የሚያዝዘው አልነበረም። በአውቶቡስ ውስጥ ያቺ ሴት እግሬን እንዳየች እኔም ጣቶቹን አየሁ፤ ነገር ግን እንዳያፍር ፈጥኜ ፊቴን ወደ ሰሌዳው መለስሁ።

ጳጉሜን በገባ ጊዜ ደብተሬን ከፈትሁ፤ ሆኖም የሦስቱን ስም ጽፌ ምክንያቱን መጻፍ አቃተኝ። ገጹ እንደዚያው ሆኖ እስከ ኅዳር 2017 ዓ. ም. ቈየ። የእናቴ ሙት ዓመት ከተዘከረ በኋላ በማግስቱ አክስቴ ጥቁር ልብሷን አውልቃ ነጭ ለበሰች፤ እኔንም «ልጄ፥ ይበቃል፤ አንተም አውልቅ» አለችኝ። ወደ ደባርቅ ስመለስ በአውቶቡስ ውስጥ ማዳመጫዬን አውጥቼ የአቶ ኃይሉን ሸክላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁት። እግሬ ወለሉን ሲመታ ተውሁት። እናቴ በዐሳቤ ውስጥ ነበረች፤ ከመሶቡ እየቈረሰች ስትደብቅ አያት ነበር።

ደባርቅ እንደ ደረስሁ ገጹን ጻፍሁ። በአንደኛ ደረጃ የእማሆይ ጽጌ ማርያምን «ማስታወሻዎች»፥ በሁለተኛ የዶክተር ሙላቱን «ውጥረት»፥ በሦስተኛ የአቶ ኃይሉን አልበም አስቀመጥሁ። የአቶ ኃይሉን ሦስተኛ ያደረግሁት ከሌሎቹ ስለሚያንስ አይደለም፤ ከሁሉ አስቀድሞ ቢመጣም ከሁሉ በኋላ ስለ ተሰማ ነው። ከስሙ አጠገብም ጓደኛዬ የሰጠኝን ምክር፥ ሳልሰማው የቀረሁትን፥ ጻፍሁበት፦ «ሲቀልልህ ትሰማዋለህ።»